አይጠየፍ አዳራሽን ሠርቶ የተጠየፈ ከተማ እንዳንባል፦ «ደሴ የለማኝ መናኸሪያ አትሁን» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን «ደሴ የለማኝ መናኸሪያ አትሁን» የሚለው ጽሑፍ ስንቴ እንደደረሰኝ አልቆጠርኩትም፤ የቅሬያችን (የእድራችን) ግሩፕ ላይ ተለጠፈ፣ የድሮ ትምህርት ቤት ጓደኞቼ ላኩልኝ፣ ሪያድ ያለችው እህቴ ሳትቀር «አገሩ እንዲህ ሆነ እንዴ?» ብላ ፎርዋርድ አደረገችልኝ። ዝም ልል ነበር። ግን ሰው ሁሉ «እጁ ይባረክ» ሲል፣ በተለይ የማከብራቸው ትልልቅ ሰዎች ሼር ሲያደርጉት ሳይ፣ ቢያንስ ነገሩ ሌላ ወገን እንዳለው ይታወቅ ብዬ ቁጭ አልኩ።

ጸሐፊውን በአካል አላውቀውም። ከተማውን እንደሚወድ ግን ያስታውቃል፣ ስድብም አልጻፈም፣ ስለዚህ ያላለውን አለ ብዬ መልስ ብሰጥ ነውር ነው። ያለው ባጭሩ ይሄ ነው፦ መጠለያና ምግብ ካዘጋጀን ከየወረዳው ይጎርፉብናል፤ አብዛኞቹ መሥራት የሚችሉ ናቸው፣ ልመና ቢዝነስ ሆኗል፤ የደሴ ልጆች ስላልሆኑ በመኪና ተጭነው ወደመጡበት ይመለሱ፤ ደሴ ትንሽ ከተማ ናት፣ አሜሪካ ያልቻለችውን እኛ አንችለውም፣ ይሄ የኤንጂኦና የዲያስፖራ ሥራ ነው፤ ከተማው እየተዋበ ባለበት ሰዓት የላስቲክ ቤት አያምርም፤ እና ሰው በየመንገዱ ሳንቲም መስጠቱን ያቁም። አንድም አልዘለልኩም መሰለኝ።

«ይጎርፉብናል» ከሚለው ልጀምር፣ ምክንያቱም ሰዉ የሚፈራው እሱን ነው። ጽሑፉ ገና ሲጀምር «ምንም ሳናዘጋጅላቸው እንኳን ፒያሳ በረንዳው ሁሉ ሞልቷል» ይላል። እሺ፣ ምንም ሳይዘጋጅ ከሞላ የጠራቸው ዝግጅት አይደለማ! የራሱ አረፍተ ነገር ነው፣ እኔ አልጨመርኩበትም።

ሰው ደሴ የሚመጣው ሾርባ ሸቶት አይደለም። ቁጭ ብሎ ለጠየቀ ሰው መልሱ ሩቅ አይደለም። አንዱ ለሕክምና ነው የመጣው፤ ትልቁ ሆስፒታል እዚህ ነው ያለው፣ ከሰሜን ወሎም ከአፋርም ሪፈር ተጽፎለት ይመጣል፣ አስታማሚው በሽተኛው አልጋ እስኪለቅ የያዛትን ብር ይጨርስና በረንዳ ላይ ያድራል፣ ከዛ «ቀጠሮህ ከሦስት ወር በኋላ ነው» ሲባል መሳፈሪያም የለው። ቦሩ ሜዳ ስንት ዘመን የሥጋ ደዌ ታካሚ ሲቀበል የኖረ ሆስፒታል ነው፣ ታክሞ ድኖ ግን ጣቶቹን ያጣ ሰው አገሩ ሲመለስ ማን በር እንደሚከፍትለት የወሎ ሰው አይጠፋውም፣ በዚሁ ደሴን አገር አድርጎ የቀረ አለ። ሌላው ከሳዑዲ የተጠረዘ ነው። በ2006 ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያዊ ነው ተጠርዞ የተመለሰው፣ ከነሱ ስንቱ ከኛ ገጠር እንደሄደ ለማወቅ ጥናት አያስፈልገንም፣ ጎረቤቶቻችን ናቸው። አባት በሬ ሸጦ የደላላ ከፈለ፣ ልጅ ባዶ እጁን እናቱ ደጅ መቆም አፈረ፣ ደሴ ላይ «ትንሽ ልሥራና እገባለሁ» ብሎ ቀረ። ይሄ ልጅ መጠለያ ኖረም አልኖረም እዚሁ ነው።

አንድ ነገር ግን አምንለታለሁ። እኛ ብቻችንን ትልቅ አዳራሽ ሠርተን «የተራበ ይምጣ» ብንል፣ ኮምቦልቻ 25 ኪሎሜትር ላይ ናት፣ ሐይቅም ቅርብ ናት፣ እዛ ያለው ሁሉ ወደኛ ቢላክ አልገረምም፣ ላኪውም ራሱ መሥሪያ ቤት ሊሆን ይችላል። ለዚህ መልሱ ግን ምንም አለመሥራት ሳይሆን ሥራውን ከጎረቤት ከተሞች ጋር መከፋፈል ነው፣ ደግሞም አዳራሹን ቅድሚያ አለማድረግ ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ሁለተኛው፣ «መሥራት ይችላሉ»። እዚህ ላይ በቁጣ እንዳልጽፍ ነው የምፈራው። መናኸሪያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሻንጣ የሚሸከምልን ማን ነው? ሃይላንድ ሲለቅም የሚውለው፣ ሊስትሮው፣ ገበያ ቀን ጆንያ ሲያራግፍ የሚውለው፣ ማታ የት ነው የሚገባው? ስንቶቹ ያው ጸሐፊው ፎቶ ያነሳቸው በረንዳዎች ላይ ናቸው። ሥራ አላቸው፣ ሥራቸው ግን ቤት አይከራይም። ዛሬ አንድ ክፍል፣ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ውሃው በሳምንት አንዴ የሚመጣበት፣ 3,000 ብር እንበል። ሰውየው በቀን ሠርቶ 3,000 ቢያጠራቅም እንኳን አከራይ የሦስት ወር ቅድሚያ ይለዋል፣ ሴት ከሆነች ደግሞ መጀመሪያ የምትጠየቀው «ልጅ አለሽ?» ተብላ ነው፣ ሁለት ልጅ ካለች አለቀ፣ ውሃ ይጨርሳሉ፣ ግድግዳ ያቆሽሻሉ። በነገራችን ላይ የቤት ኪራይ አዋጁ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም ይላል፣ ውሉም ቢያንስ ለሁለት ዓመት ነው ይላል። ደላሎቻችን ይሄን የሰሙ አይመስለኝም፣ ያስታወሳቸውም የለም።

ልመናን ቢዝነስ ያደረገ የለም ወይ? አለ። ሕፃን ተከራይቶ መንገድ ላይ አስተኝቶ የሚለምን አለ፣ አይቻለሁ፣ አንጀቴ ነው የተቃጠለው። ግን ለሱ የሚያስፈልገው የሕፃናት ጉዳይ ባለሙያና ፖሊስ ነው፣ በሱ ምክንያት አጠገቡ የተቀመጡትን ዓይነ ስውር አዛውንት በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይሆንም። ጸሐፊው የአደገኛ ቦዘኔ አዋጁንም (384/1996) ጠርቷል፣ «ሕጉ አለ፣ ይተግበር» ብሎ። አዋጁን ያነበበው አይመስለኝም። ሥራ መፍታት ብቻውን ማንንም አደገኛ ቦዘኔ አያደርግም፣ ሕጉ ከዛ ላይ የሚዘረዝራቸው ድርጊቶች አሉ፣ ደግሞም የሚናገረው መሥራት ስለሚችል ሰው ነው፣ ስለታመመና ስላረጀ ሰው አይደለም።

ሰው ሥራ ሲያገኝ ይሠራል ወይ ለሚለው ደግሞ ደሴ ራሷ ምስክር ናት። የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 ሲጀመር አገሪቱ ውስጥ ከተመረጡት 11 ከተሞች አንዷ ደሴ ነበረች፣ ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማ፣ ከሐዋሳ ጋር። መሥራት የሚችለው በአካባቢ ልማት ተሰማርቶ፣ ጠርጎ፣ እርከን ሠርቶ፣ ችግኝ ተክሎ ይከፈለዋል፣ ከክፍያው 20 በመቶ እየተቆጠበ በሦስተኛ ዓመቱ መነሻ ካፒታል ተጨምሮለት ይወጣል። መሥራት የማይችለው ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ጠዋት 12 ሰዓት በዛ ብርድ መንገድ ሲጠርጉ የምናያቸው እናቶች እኮ «ሥራ ጠሉ» የተባሉት ድሆች ናቸው! እርግጥ ነው ክፍያውን ኑሮ ውድነቱ በልቶታል፣ ምልመላው ላይም የኮሚቴ ዘመድ ገብቷል የሚለው ሐሜት ሁሉም ሐሜት አይደለም። አውቃለሁ፣ እኔም ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ።

እሱን ካነሳሁ አይቀር ሦስተኛው ነጥብ ላይ ልናገረው፣ «የደሴ ልጆች አይደሉም፣ ወደመጡበት ይመለሱ» የሚለው ላይ።

ያኔ ለሰፈራችን ምልመላ ስንቀመጥ አንዲት እናት መጣች፣ ሁለት ልጆች አሏት፣ አንድ ቀበሌ ቤት ውስጥ በደባልነት ጥግ ላይ ነበር የምትኖረው፣ እንጀራ እየጋገረች ትሸጣለች። ድህነቷን ማንም አልተከራከረም። መታወቂያ ግን የላትም። መታወቂያ ለማውጣት ከመጣችበት መሸኛ አምጪ ተባለች፣ መሸኛ ለማምጣት ሄደች፣ እዛ ደግሞ «ከወጣሽ ስንት ዓመትሽ ነው፣ እኛ አናውቅሽም» ተባለች፣ መሳፈሪያዋን አቃጥላ ተመለሰች። እኛም «ሕጉ ነው እንግዲህ» ብለን አለፍናት። እኔም እጄን አውጥቼ አለፍኳት። በዓመቱ ቤቱ በስማቸው የተመዘገበው ሰው ሲሞቱ ልጆቻቸው ደባሎቹን አስወጡ፣ ከዛ በኋላ ያየኋት ቤተክርስቲያን በር ላይ ነው፣ ልጆቿ አጠገቧ። «አብሽር ወንድሜ፣ ያልፋል» አለችኝ እሷው አጽናኝ ሆና።

አሁን ይቺ ሴት ከየት ናት ልበል? በጸሐፊው አቆጣጠር ከሌላ ቦታ የመጣች ለማኝ ናት። በኔ አቆጣጠር አሥር ዓመት እንጀራ ያበላችን፣ ወረቀት ስለሌላት ብቻ ጎዳና ላይ ያወጣናት የደሴ ሰው ናት። የት ነው የምትመለሰው? «አናውቅሽም» ካሏት ሰዎች ጋ?

ሕጉን ከፈለግን ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ማንም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ ውስጥ የመዘዋወርና የመኖሪያ ቦታውን የመምረጥ መብት አለው ይላል። መብቱን እንተወውና ይሠራል ወይ ብለን ብንጠይቅስ? አዲስ አበባ ትልቅ ስብሰባ በመጣ ቁጥር ስታፍስ ነው የኖረችው፣ የታፈሰው ደግሞ ተመልሶ ሲመጣ ነው የኖረው። በ2015 ከአዲስ አበባ ጎዳናዎች ተነስተው ሸገር ከተማ ሲዳሞ አዋሽ በሚባለው ቦታ የታጎሩት ሰዎች ላይ የደረሰውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) በይፋ አውጥቶታል፣ በመጨናነቁና በበሽታው ሰው ነው የሞተው። ይሄን ለደሴ የሚመኝ ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም፣ ጸሐፊውም የተመኘው አይመስለኝም፣ ግን «በመኪና ይጫኑ» ሲባል ተግባሩ እዚህ ነው የሚያደርሰው።

ሌላም አለ። ነሐሴ 2013 ከቆቦና ከወልዲያ የመጣው ሰው ትምህርት ቤቶቻችንን ሞልቶ ነበር፣ እኛም እንጀራና ብርድ ልብስ ተሸክመን ስንመላለስ ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ጥቅምት 2014፣ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ተፈናቃዮቹ እኛው ሆንን። እኔ ደብረ ብርሃን አንድ የማላውቀው ሰው ሳሎን ውስጥ ነው ሦስት ሳምንት ያደርኩት፣ ከነቤተሰቤ። መታወቂያ አልጠየቀኝም፣ መሸኛም አላለኝም። ጸሐፊው ያኔ የት እንደነበረ አላውቅም። ግን ደሴ ተቀምጦ «ከሌላ ቦታ የመጣ» ብሎ በንቀት ለመጻፍ አራት አምስት ዓመት ትንሽ ያጥራል።

አሁን ዋናው ክርክር፣ «ትንሽ ከተማ ነን፣ አቅም የለንም፣ አሜሪካም አልቻለችም»። ይሄ ነው ብዙ ሰው ያሳመነው፣ እኔ ደግሞ ግልብጡ ነው እውነቱ እላለሁ። ትልቅ ከተማ ነው የሚያቅተው። ትንሽ ከተማ ሰውን በስም ታውቃለች።

አሜሪካ እናቆያትና ጎረቤቷን ካናዳን እንይ። አልበርታ ውስጥ ሜዲስን ሃት የምትባል ከተማ አለች፣ ሕዝቧ 60 ሺህ ገደማ ነው፣ ከደሴ በብዙ ታንሳለች። እነሱ በፈረንጆቹ 2009 አንድ ዕቅድ አወጡ፤ ጎዳና ያለውን ሰው ሁሉ በስም መዝግብ፣ «መጀመሪያ መጠጥ አቁም፣ መጀመሪያ ሥራ ፈልግ» ሳትል ቤት ስጠው፣ ከዛ ሕክምናውንና ሥራውን ቤት ከገባ በኋላ ተከታተል። በኋላ ከንቲባቸው የሆነው ቴድ ክላግስተን መጀመሪያ ላይ ልክ እንደኛ ጸሐፊ ተቃዋሚ ነበር። በኋላ ሒሳቡን ሲያየው ሐሳቡን ቀየረ፤ አንድን ሰው ቤት ማስገባት በዓመት 20 ሺህ ዶላር ገደማ ሲፈጅ፣ ጎዳና ላይ መተው በሆስፒታሉ፣ በፖሊሱ፣ በእስር ቤቱ ተደምሮ እስከ 100 ሺህ ያስወጣል ብሎ እሱ ራሱ ተከራካሪ ሆነ። በፈረንጆቹ 2021 ሥር የሰደደውን የጎዳና ኑሮ አስቁመናል ብለው አወጁ።

«እነሱ ካናዳ ናቸው፣ እኛ ወሎ» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ትክክል፣ ብራቸው የለንም፣ ለሁሉም ኮንዶሚኒየም እንስጥ የሚል ሞኝ አይደለሁም። ከነሱ የምወስደው ሁለት ነገር ነው፣ ሁለቱም ርካሽ ናቸው። አንደኛው የስም ዝርዝሩ። ደሴ ጎዳና ላይ ዛሬ ማታ ስንት ሰው ያድራል ብዬ ብጠይቅ ጸሐፊው «ሺዎች» ይላል፣ ቀበሌው ሌላ ይላል፣ ተቆጥሮ የወጣ ቁጥር እኔ አላየሁም። ከስንቱ ጋር ነው የምንታገለው? ስንቱ አስታማሚ ነው፣ ስንቱ መድኃኒት ያቋረጠ የአእምሮ ሕመምተኛ ነው፣ ስንቱ ከቤቱ የኮበለለ ልጅ ነው? እነዚህ አንድ ዓይነት ሰዎች አይደሉም፣ መፍትሔያቸውም አንድ አይደለም። ለአስታማሚው ሆስፒታሉ አካባቢ ርካሽ ማደሪያ፣ ለኮበለለው ልጅ ቤተሰቡን ማግኘት (እዚህ ላይ «ይመለሱ» የሚለው ልክ ሊሆን ይችላል፣ ልጁም እናቱም ከፈቀዱ)፣ ለሕመምተኛው የጤና መድን። መድኑ ለድሃ ድሃው መንግሥት የሚከፍልለት ነው፣ እሱም ግን መታወቂያ ይጠይቃል፣ ዞረን ዞረን እዛችው ወረቀት ላይ ነን። ከተማው ለነዚህ ሰዎች በቅሬ ወይም በሃይማኖት አባት ምስክርነት ጊዜያዊ መታወቂያ ቢሰጥ ምን ያህል ብር ያስወጣዋል? ወረቀትና ማኅተም።

ሁለተኛው፣ ቅድም እመለሳለሁ ያልኩት። ጎዳና ላይ ካለው ሰው ብዙው አንድ ቀን ተከራይ ነበር፣ ወይም ደባል፣ ወይም የሰው ቤት ሠራተኛ። የወጣው አንድ ወር ስለጎደለው ነው፤ ታሞ፣ ባል ሞቶ፣ ኪራይ በአንዴ ተጨምሮ። አንዴ ከወጣ በኋላ መመለስ ከባድ ነው፣ ዕቃው ተሸጧል፣ ልጁ ትምህርት አቋርጧል፣ ሰውነቱም መንፈሱም ደቋል። ከመውጣቱ በፊት መያዝ ግን የሁለት ወር ኪራይ ነው። ከላይ ባልኩት 3,000 ብር ብናስበው ለ100 ቤተሰብ የሁለት ወር ኪራይ 600 ሺህ ብር ነው። ደሴን የሚያክል ከተማ በዓመት 600 ሺህ ብር አያጣም። ጸሐፊው «አዳራሽ፣ ምግብ ቤት፣ ሠራተኛ» እያለ የደመረው ሚሊዮኖች ትልቅ የመሰሉት ሰው ከወደቀ በኋላ ያለውን ብቻ ስለቆጠረ ነው።

ማን ያውቃል ማን ሊወድቅ እንደሆነ ካላችሁ፣ ቅሬው ያውቃል። ወሎ ውስጥ ከቅሬ የሚሰወር ድህነት የለም። ቅሬያችን ለሞተ ሰው ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሦስት ቀን ያስተዛዝናል፣ ክርስቲያኑም እስላሙም አብሮ። በሕይወት ያለው አባል ዕቃው ደጅ ሲወጣ ግን ደንባችን ውስጥ አንድ መስመር አልነበረም። ባለፈው ዓመት ተጨቃጭቀን ጨመርነው፤ «መዋጯችን ለቀብር ነው» ብለው የተቆጡ ነበሩ፣ ለሁለት ቤተሰብ ከፍለናል፣ አንዷ መልሳለች፣ አንዱ አልመለሰም። ሁለቱም ግን ቤታቸው ውስጥ ናቸው። ከተማው ለያንዳንዱ ቅሬ ያዋጣውን ያህል ቢጨምርለት ኤንጂኦ መጠበቅ አያስፈልግም። ዲያስፖራው ይርዳ፣ እሰየው፣ ግን ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ እህቴ ላይ የከተማ ማህበራዊ ጉዳይ መምሪያን መጫን ተገቢ አይመስለኝም። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 41 ላይ አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን፣ አካል ጉዳተኞችን፣ ወላጅ አልባ ልጆችን የመርዳቱን ነገር የጣለው መንግሥት ላይ ነው።

ስለ ውበቱ ብዙ አልልም። መንገዱ ሲሰፋ መብራቱ ሲተከል እኔም ደስ ይለኛል፣ ማታ ወጣ ብዬ እሄድበታለሁ። ብቻ ከ1967ቱ የትርፍ ቤት አዋጅ ጀምሮ የደሴ ድሃ የኖረው በቀበሌ ቤት ነው፣ ጣሪያው ያፈሳል ግን ኪራዩ የሳንቲም ያህል ነው። ምትክ ሳይዘጋጅ የፈረሰ እያንዳንዱ ቀበሌ ቤት ውስጥ አንድ ተመዝጋቢና ሦስት አራት ያልተመዘገቡ ደባሎች ነበሩ፣ ምትክ የሚያገኘው ተመዝጋቢው ነው። ላስቲክ ቤት አያምርም ላለው ሰው የላስቲኩን ምንጭ ልጠቁመው ብዬ ነው። ደግሞ ስለ ደሴ ውበት ከተወራ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አዳራሽ ስሙ ማን ነው? አይጠየፍ። ያን ስም ያገኘው ደሃ ከጌታ ሳይለይ ስለሚበላበት ነው እያልን ለእንግዳ በኩራት የምናስጎበኘው እኛ ነን።

የመጨረሻው «ሳንቲም አትስጡ» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ከግማሽ በላይ እስማማለሁ፣ ይገርማችሁ። ትራፊክ መብራት ላይ ለቆመ ልጅ አምስት ብር መስጠት ልጁን እዛው ማቆየት ነው፣ ትምህርት ቤት ቢገባ እናቱ የምታጣው ገቢ ይሆናል። ዘካውም፣ አስራቱም፣ ዝክሩም ተሰባስቦ ኪራይ ቢሆን ከተበታተነ ሳንቲም ይሻላል። የማልስማማው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። እሱ መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡ ይላል፣ የተሰበሰበው የት እንደሚገባ ግን አልጻፈም። ቦታው እስኪዘጋጅ ድረስ ለአሮጊቷ «እግዜር ይስጥሽ» ብዬ ማለፉን እኔ አልችለውም፣ ሰደቃ የለመደ እጅም በአንድ ፖስት አይታጠፍም።

ጸሐፊው ደሴ ካለ አንድ ነገር ልጠይቀው። ከቅሬያችን ስድስት ሰዎች ሆነን በሚቀጥለው እሑድ ሌሊት 9 ሰዓት ከፒያሳ እስከ መናኸሪያ ልንወርድ ነው፣ ሰዉ ሳይነቃ ሳይበታተን፣ ስም፣ ከየት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ቢያገኝ ቤት ይገባል የሚለውን እየጠየቅን ልንመዘግብ። ደብተሩን እኔ ገዝቻለሁ። ካፖርት ይዞ ይምጣ፣ በዛ ሰዓት የጦሳ ተራራ ብርድ አጥንት ይሰብራል።